የዳይናሚክ ፕሮግራም ቋንቋዎች ጥቅም፤ በጎብዬ የእህል መዝገብ ሲታይ

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለኮምፒውተር ሥራ ከሚያገለግሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች መካከል ‹ዳይናሚክ› የሚባሉት በተግባር ምን ጥቅም እንዳላቸው ማስረዳት ነው። ስለነዚህ ቋንቋዎች የተጻፈው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌው የሚወሰደው ከውጭ አገር የንግድ ድርጅቶች ስለ ሆነ ጉዳዩ ለብዙዎቻችን ሩቅ መስሎ ይታያል። ስለዚህ እኛ ምሳሌያችንን በሰሜን ወሎ፥ በራያ ቆቦ ወረዳ፥ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከጎብዬ ወስደናል።

ከመካከላችን የዚያ አገር ተወላጆች ስላሉ፥ በዕረፍታችን ጊዜ ዘመዶቻችንንና ጎረቤቶቻችንን ስለ ማሳቸውና ስለ እህላቸው ጠይቀን፥ መልሳቸውን ፓይተን በሚባለው ቋንቋ በጻፍነው ትንሽ ፕሮግራም መመዝገብ ሞክረናል። የፈለግነው የምርቱን መጠን ለማወቅ ሳይሆን የገበሬ መልስ ወደ መዝገብ ሲገባ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ነገሩን ለማብራራት ብቻ የቀረቡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን። የውጭ አገር ነገር ሲወሳ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፥ የአገራችን ሲሆን በዓመተ ምሕረት ተጽፏል።

2. የሁለቱ ወገኖች ልዩነት

ኮምፒውተር የሚይዘው ነገር ሁሉ ዓይነት አለው። 3 ቁጥር ነው፤ "ማሽላ" ጽሑፍ ነው፤ በተራ የተቀመጡ ብዙ ነገሮች ደግሞ ዝርዝር ይባላሉ። ቁጥር በቁጥር ይካፈላል፤ ጽሑፍ ግን አይካፈልም። ዳይናሚክ የሆኑትም ያልሆኑትም ቋንቋዎች ይህን ዓይነት ያውቃሉ፤ የሚለያዩት ዓይነቱን በምን ላይ እንደሚጽፉትና መቼ እንደሚመረምሩት ነው።

ሲ፥ ጃቫና እነዚህን የመሳሰሉት ቋንቋዎች ‹ስታቲክ› ይባላሉ። በነዚህ ቋንቋዎች እያንዳንዱ ስም የሚይዘው ነገር ዓይነት አስቀድሞ ይወሰናል። ‹ምርት› የሚለው ስም ቁጥር እንዲይዝ ከተወሰነ ከቁጥር በቀር ሌላ አይቀበልም፤ ፕሮግራሙም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህ ደንብ መጠበቁ ይመረመራል። እንደ ፓይተን፥ ሩቢና ጃቫ ስክሪፕት ያሉት ግን ‹ዳይናሚክ› ናቸው። በነዚህ ዓይነቱ የሚጻፈው በስሙ ላይ ሳይሆን በተያዘው ነገር ላይ ነው፤ የሚመረመረውም ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ ነው።

ነገሩን በአቁማዳ መስለን ብናየው ይቀላል። በስታቲክ ቋንቋ አቁማዳው ገና ባዶ ሳለ ‹የጤፍ› ተብሎ ይጻፍበታል፤ ማሽላ የያዘ ሰው ቢመጣ አይጫንለትም። በዳይናሚክ ቋንቋ በአቁማዳው ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ጤፍም ማሽላም ይገባበታል። ነገር ግን ጤፉ ጤፍ፥ ማሽላውም ማሽላ መሆኑ አይቀርም፤ አፉ ሲፈታ ይታወቃል። ስለዚህ ‹ዳይናሚክ ቋንቋ ዓይነት የለውም› የሚለው አባባል ስሕተት ነው።

በፓይተን የሚከተሉትን ሁለት መስመሮች አንዱን ከሌላው አስከትሎ መጻፍ ይቻላል፦

ምርት = 3
ምርት = "አገዳ ብቻ"

በመጀመሪያው መስመር ‹ምርት› ቁጥር ያዘ፤ በሁለተኛው ጽሑፍ ያዘ። ቋንቋው ሁለቱንም ይቀበላል። ስሙም በገዛ ፊደላችን መጻፉን አንባቢ ይመልከት፤ ፓይተን ከሦስተኛው እትሙ፥ ማለት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል።

ይህ አሠራር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ከስታቲክ ወገን የሆነው ፎርትራን በ1957 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1958 ጆን ማካርቲ የዳይናሚኮቹ ታላቅ የሆነውን ሊስፕን ማዘጋጀት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ፐርል በ1987፥ ፓይተን በ1991፥ ሩቢና ጃቫ ስክሪፕት በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረቡ። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች እኩያሞች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋው እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ኖረዋል።

3. ማሳው አንድ፥ ዘሩ ሁለት

የራያ ቆላ ገበሬ ዋና እህል ማሽላ ነው። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው የማሽላ ዘር በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል። ዝናቡ ከቀረና ቡቃያው ከደረቀ ግን ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ በሐምሌ ያንኑ ማሳ እንደ ገና አርሶ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራበታል። ማሳው ስሙን ሳይለውጥ የያዘው እህል ተለወጠ ማለት ነው።

አሁን ይህን ማሳ የሚመዘግብ ፕሮግራም እናስብ። ፕሮግራሙን ከተማ ተቀምጦ ያዘጋጀው ሰው ‹ምን ተዘራ?› ለሚለው ጥያቄ የአንድ እህል ስም ብቻ እንዲገባ ቢወስን ክፉ አላደረገም፤ እርሱ እንደሚያውቀው በአንድ ማሳ አንድ እህል ይዘራል። ጎብዬ ሲደርስ ግን ገበሬው ‹ማሽላ ዘርቼ ነበር፤ እርሱ ሲጠፋ ጤፍ ዘራሁበት› ይለዋል። መዝጋቢው ማሽላ ብሎ ቢጽፍ ጤፉ ይጠፋል፤ ጤፍ ብሎ ቢጽፍ የጠፋው ማሽላ፥ የባከነው ዘርና የሁለት ጊዜ እርሻ ድካም ሁሉ ከመዝገብ ይወጣል። መዝገቡን የሚያነበው መሥሪያ ቤት ያ ገበሬ ዘር ሁለት ጊዜ መግዛቱን ሊያውቅ አይችልም።

በዳይናሚክ ቋንቋ ግን መዝጋቢው በዚያው ቀን፦

ዘር = ["ማሽላ", "ጤፍ"]

ብሎ በአንዱ ቃል ፈንታ ዝርዝር ያስገባል። ቀድሞ የተመዘገቡት አንድ አንድ ቃል የያዙ ማሳዎች እንዳሉ ይቆያሉ፤ የቋንቋው ደንብ ሌላው ሁሉ ካልተለወጠ ብሎ አያግደውም። ፕሮግራሙ በኋላ መዝገቡን ሲያነብ የተያዘው ነገር ቃል ወይም ዝርዝር መሆኑን ጠይቆ እንደየሁኔታው ይሠራል።

ይህን በስታቲክ ቋንቋ ማድረግ አይቻልም ማለታችን አይደለም። ‹ወይ አንድ ቃል፥ ወይ ዝርዝር› ብሎ መወሰን የሚያስችሉ ጥሩ ጥሩ ስታቲክ ቋንቋዎች አሉ። ነገር ግን በነርሱ ሊመጡ የሚችሉትን የመልስ ዓይነቶች አስቀድሞ ዘርዝሮ ማወቅ ያስፈልጋል። አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ ጥያቄ ይዞ ወደ ሰው ለሚሄድ ተማሪ የሚከብደው ነገር ነው፤ የሚሄደው ባያውቅ ነውና።

4. ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ይህ ክፍል ነው። ‹ስንት ኩንታል አገኛችሁ?› ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ቁጥር አይደለም። አንዱ ‹ሦስት› ይላል። ሁለተኛው ‹ምንም› ይላል። ሦስተኛው ‹ገና አልወቃንም› ይላል። አራተኛው ‹እህሉ የለም፤ አገዳው ግን አለ› ይላል። ቁጥር ብቻ እንዲይዝ በተወሰነ ሣጥን ውስጥ ከሦስት በቀር ያሉት ሁሉ ዜሮ ሆነው ይገባሉ። ነገር ግን ያልወቃ ገበሬ የተራበ ገበሬ አይደለም፤ አገዳ ያለውም ለከብቱ መኖ፥ ለምድጃው ማገዶ ስላለው እርሱና ምንም ያላገኘው እኩል አይደሉም።

በፓይተን ለነዚህ አራት መልሶች አራት የተለያዩ ነገሮችን ማስቀመጥ ይቻላል፦ ቁጥሩን 3፥ ቁጥሩን ዜሮ፥ ላልታወቀ ነገር ሊያገለግል የሚችለውን የቋንቋውን ልዩ ቃል፥ እንዲሁም "አገዳ ብቻ" የሚለውን ጽሑፍ። አራቱም በአንድ ስም ሥር ይቀመጣሉ፤ አንዱም በሌላው አይተካም።

ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የራያ ቆቦ ሰው ያውቀዋል። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ወደ ቆቦ አካባቢ ደረሰ፤ ጥቂት ጊዜ ጋብ ካለ በኋላም ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚያው በቆቦ አካባቢ እንደ ገና ተጀመረ። እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለእርዳታ የሚመዘገብ ሰው ‹የቤተ ሰባችሁ ብዛት ስንት ነው?› ተብሎ ቢጠየቅና ‹አምስት ነን፤ አንዱ ግን የት እንደ ደረሰ አናውቅም› ቢል ምን ይጻፋል? አምስት ቢባል በቦታው ለሌለ ሰው ራሽን ይታዘዛል። አራት ቢባል የጠፋው ልጅ ከቤተ ሰቡ ተፍቆ ይወጣል፤ የሚፈልገውም ሰው ስሙን በመዝገብ አያገኝም። ትክክለኛው መልስ ያ ሰው እንደ ተናገረው ሁለት ክፍል ያለው ነው። ቅጹ ለሁለተኛው ክፍል ስፍራ ከሌለው መዝጋቢው ፈልጎ ሳይሆን ተገዶ ሐሰት ይጽፋል።

5. በሚሠራው ሥራ መታወቅ

ዳይናሚክ ቋንቋዎች ሌላም ጥቅም አላቸው። አንድ ነገር ለአንድ ሥራ ይፈለግ እንደ ሆነ የዘር ስሙ አይጠየቅም፤ ሥራውን መሥራት መቻሉ ብቻ ይበቃል። እህል ወደ ቆቦ ገበያ የሚያስጭን ነጋዴ አህያም ቢመጣ፥ ግመልም ቢመጣ፥ ባጃጅም ቢመጣ የሚጠይቀው ‹ይህን ጭነት ያደርስልኛል ወይ?› ብሎ ነው። ዳይናሚክ ቋንቋም እንደዚሁ ነው።

ይህ ለዘመን አቆጣጠራችን በጣም ይረዳል። የፓይተን የቀን መቁጠሪያ የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ብቻ ነው። በእኛ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር አለ፤ የካቲትም ሠላሳ ቀን አለው። ‹የካቲት 30› የሚለውን ሁለተኛው ወር ሠላሳኛ ቀን አድርጎ የሚተረጉም ፕሮግራም ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› ብሎ ይመልሰዋል። ተማሪው ግን ‹ከሌላው ቀን ትቀድማለህ ወይ?› ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ የራሱን የኢትዮጵያ ቀን ሠርቶ ቢያስገባ፥ ቀኖችን በቅደም ተከተል የሚደረድረው የቋንቋው መሣሪያ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ይሠራለታል። መደርደሪያው የሚፈልገው ማወዳደር መቻሉን እንጂ የአውሮፓ ቀን መሆኑን አይደለምና።

እንዲያውም የትልቅ ሰው መልስ ቀን እንኳ ላይኖረው ይችላል። ‹መቼ ተወለዱ?› ሲባሉ ‹በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ጡት ጥዬ ነበር› የሚሉ አሉ። ይህ በቂ መልስ ነው፤ የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ በወሎ የማያውቀው የለም። ቅጹ የግድ ቀን፥ ወርና ዓመት የሚል ከሆነ ግን መዝጋቢው ከልቡ ፈጥሮ ይሞላዋል፤ የተፈጠረውም ቀን ከዚያ በኋላ እንደ እውነተኛ ይቆጠራል። ቃሉን እንደ ተነገረ መያዝና ዓመቱን ሌላ ጊዜ መገመት የተሻለ ነው።

6. በቋንቋችን የተሠሩ ሥራዎች

ዳይናሚክ ቋንቋዎች ከአገራችን ጽሕፈት ጋር ከተዋወቁ ቆይተዋል። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ከዓለም ፊደላት ጋር ተመዘገበ። ዳንኤል ያዕቆብ የግእዝን አኃዝና የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያስተናግዱ መሣሪያዎችን በፐርል ቋንቋ አዘጋጅቶ ለማንም እንዲደርሱ አድርጓል። ማይክል ጋሰርም ሆርን ሞርፎ የተባለውን፥ የአማርኛን፥ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት እየተነተነ ሥራቸውንና ቅጥያቸውን የሚያሳየውን ፕሮግራም በፓይተን ጽፏል፤ ስለዚሁም በ2011 እ.ኤ.አ. ለባለሙያዎች አስረድቷል። የአማርኛ ግሥ አንዳንዴ ተሳቢውን በራሱ ላይ ይይዛል፤ አንዳንዴ አይዝም፤ አሉታ ይኖረዋል፤ አይኖረውም። የትንታኔው ውጤት ከቃል ቃል ቅርጹ ስለሚለያይ ጉዳዩ ከገበሬው መልስ ጋር ይመሳሰላል።

በእርዳታ ሥራ ላይም በብዙ አገሮች የሚያገለግለው ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው የመጠይቅ መሣሪያ በአመዛኙ በፓይተንና በጃቫ ስክሪፕት የተጻፈ ነው። መነሻው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ እርዳታ ጥናት ክፍል ነው፤ ከእኛዋ ቆቦ ጋር በስም መቀራረቡ አጋጣሚ ብቻ ነው።

ለተማሪ ደግሞ አንድ ቀላል ጥቅም አለ። በፓይተን አንድ መስመር ጽፎ ወዲያው ውጤቱን ማየት፥ ሲሳሳት ማረም፥ እንደ ገና መሞከር ይቻላል። ይህ ልማድ ዛሬ በአንዳንድ ስታቲክ ቋንቋዎችም ስለሚገኝ የዳይናሚኮቹ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ከነርሱ ጋር ከመጀመሪያው አብሮ የኖረ ነው። አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበትና መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ በአጭር ጊዜ ትንሽ ነገር ሠርቶ ማየት ታላቅ ነገር ነው።

7. ጉዳቱ

ጥቅሙን ብቻ አውርተን ጉዳቱን ብንሸሽግ ጥናታችን ጎደሎ ይሆናል። አቁማዳው ላይ ስላልተጻፈ ስሕተቱ የሚታየው አፉ ሲፈታ ነው፤ ያም ዘግይቶ፥ አንዳንዴም ክፉ ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ማሳ የተገኘው ቁጥሩ 3፥ ከሌላው የተገኘው ደግሞ በጽሑፍ መልክ "4" ሆኖ ቢመዘገብና ይደመሩ ቢባል ፓይተን ‹ቁጥርና ጽሑፍ አይደመሩም› ብሎ ሥራውን ያቆማል። ጃቫ ስክሪፕት ግን አያቆምም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ገጥሞ "34" ይላል። ሰባት ኩንታል ሠላሳ አራት ሆነ ማለት ነው። የዚህን ገበሬ መዝገብ የሚያይ ሰው ‹ይህስ እርዳታ አያሻውም› ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ጉዳት የትርጉም መደባለቅ ነው። ‹ጎብዬ› የከተማችን ስም ነው። ነገር ግን በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበለው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከባልደረቦቹ ጋር ካዘጋጃቸው፥ አቀንጭራ የተባለውን አረም ከሚቋቋሙት የማሽላ ዘሮች አንዱ፥ በ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአገራችን ገበሬ ሲለቀቅ ‹ጎብዬ› ተብሏል። በመዝገባችን ውስጥ "ጎብዬ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ቢገኝ ቦታው ነው ወይስ ዘሩ? ለዳይናሚክ ቋንቋ ሁለቱም ያው ጽሑፍ ናቸው። ‹ቦታ› እና ‹ዘር› ልዩ ልዩ ዓይነት ሆነው በተወሰኑበት ስታቲክ ፕሮግራም ግን አንዱ በሌላው ስፍራ ሊገባ አይችልም።

ስለዚህ ሥራው ሲሰፋና የሚሠሩበትም ሰዎች ሲበዙ ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል። የቋንቋዎቹም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በጃቫ ስክሪፕት ላይ ዓይነትን የሚጨምረው ታይፕ ስክሪፕት በ2012፥ በፓይተንም ዓይነትን በፈቃድ ማመልከት የሚያስችለው ደንብ ከሦስት ነጥብ አምስተኛው እትም ጋር በ2015 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። ሁለቱም የተሠሩት ፕሮግራም ጸሐፊው የሚያውቀውን ያህል እንዲወስን፥ ያላወቀውን ክፍት እንዲተው ሆነው ነው።

8. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው የዳይናሚክ ቋንቋ ዋና ጥቅም ጸሐፊው ገና ያላወቀውን ነገር እንዳወቀ ሆኖ እንዲወስን አለማስገደዱ ነው። በተለይም ስለ አገራችን ኑሮ ለምናጠና ተማሪዎች ይህ ጥቅም ትልቅ ነው። ቅጾቻችን አብዛኛዎቹ በሌላ ስፍራ ለሌላ ኑሮ የተዘጋጁ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ የተዘራውን ማሳ፥ ያልተወቃውን ክምር፥ ከስፍራ ስፍራ የሚለያየውን ቁናና የጠፋውን ልጅ አያውቋቸውም።

ስለዚህ ወደ ፊት ተመሳሳይ ጥናት ለሚጀምሩ ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ መልሱን ሰው እንደ ተናገረው፥ ከነመስፈሪያው ያዙ፤ ‹ሁለት ቁና› ያለውን ወዲያው ወደ ኪሎ አትለውጡ። ሁለተኛ፥ ከመደመራችሁና ከማካፈላችሁ በፊት እያንዳንዱ ነገር ቁጥር መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲጠይቅ አድርጉ፤ ይህን ፍተሻ ቋንቋው አስቀድሞ ስለማያደርግላችሁ ሥራው የእናንተ ነው። ሦስተኛ፥ ነገሩ ከተጠናና ቅርጹ ከታወቀ በኋላ ዓይነቱን ወስኑ፤ ነገር ግን ላልታሰበ መልስ ምንጊዜም አንድ ክፍት ስፍራ ተዉ።

እኛ የሞከርነው በጥቂት ቤቶች መካከል ነው። በደጋው አገር፥ ገብስና ባቄላ በሚዘራበት፥ ወይም በአርብቶ አደሩ ዘንድ፥ ሀብት በሚንቀሳቀስበት፥ ሌላ ዓይነት መልስ መኖሩ አይቀርም። ከነዚህ አገሮች የመጡ ጓደኞቻችን የየአገራቸውን ሰው ጠይቀው፥ በቅጽ አልገባ ያላቸውን መልስ በዚሁ መጽሔት ቢያስነብቡን ደስ ይለናል።